ለሲአርፒኤስ ምርምርና ሕክምና ገንዘብ ስታዋጡ፦ ከምርጫ እስከ ክትትል

«ለሲአርፒኤስ ምርምር ገንዘብ ማዋጣት እንፈልጋለን፤ ለማን እንስጥ? ድርጅቱ እውነተኛ መሆኑንስ በምን እናውቃለን?»

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ አሜሪካ የሚኖሩ፣ ከቤተሰባቸው ወይም ከማኅበራቸው ሰው የታመመባቸው ናቸው። ለማዋጣት ፈቃደኛ የሆነ ሰው አላቸው። የጎደላቸው መንገዱን ማወቅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌላችኋለሁ። መመሪያው የአሜሪካን አሠራር የሚከተል ነው። እንግሊዝና ካናዳ ላላችሁ ከታች አጭር ማስታወሻ አለ።

ስለ በሽታው ማወቅ ያለባችሁ

ሲአርፒኤስ ሙሉ ስሙ ኮምፕሌክስ ሪጅናል ፔይን ሲንድረም ነው። ብዙውን ጊዜ ከስብራት፣ ከወለምታ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ እጅ ወይም እግር ላይ ይነሳል። ጉዳቱ ራሱ ከዳነ በኋላ እንኳ ሕመሙ አይለቅም። ከጉዳቱ መጠን ጋርም አይመጣጠንም። ቆዳው መልኩን ይለውጣል፤ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፤ ያብጣል፤ ከልክ በላይ ያልበዋል። አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥለው ታማሚ አለ።

የቆየ ስሙ አርኤስዲ (ሪፍሌክስ ሲምፓቴቲክ ዲስትሮፊ) ነው። አሁን የምንጠቀምበት ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ቢሆንም አሮጌው ስም በድርጅቶች መጠሪያና በሐኪሞች ወረቀት ላይ ዛሬም አለ። ስለዚህ ስትፈልጉ በሁለቱም ስሞች ፈልጉ። በአንዱ ብቻ ከፈለጋችሁ ዋናውን ድርጅት ልታልፉት ትችላላችሁ።

ከሌሎች የሕመም ዓይነቶች ጋርም አታምታቱት። ፋይብሮማያልጂያ፣ የፊት ነርቭ ሕመምና ማይግሬን የየራሳቸው ድርጅት አላቸው። «ለሥር የሰደደ ሕመም» ብላችሁ በጥቅሉ ከሰጣችሁ ገንዘቡ ካሰባችሁት በሽታ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። በስልክም ይሠራል፤ ነገር ግን የገንዘብ ሰንጠረዥ በስልክ ማንበብ ዓይን ያደክማል
- የድርጅቱ ትክክለኛ ሕጋዊ ስም እና ባለ 9 አሃዝ የግብር መለያ ቁጥሩ
- ድርጅቱ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) ያቀረባቸው የቅርብ 3 ዓመታት የፎርም 990 (የዓመታዊ ሪፖርት ቅጽ) ቅጂዎች
- ካልኩሌተርና ማስታወሻ ደብተር
- በማኅበር ወይም በእድር ስም የምትሰጡ ከሆነ፣ ውሳኔው የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ
- እንግሊዝኛ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ አንድ ሰው
- ገንዘቡን የማይዝ፣ መዝገቡን ብቻ የሚቆጣጠር ሌላ አንድ ሰው

የመጨረሻውን አትዝለሉት። ገንዘብ ያዡና ተቆጣጣሪው አንድ ሰው ከሆነ፣ ምንም ባይጠፋ እንኳ ሐሜት ይነሳል። ሐሜት ከተነሳ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚያዋጣ አታገኙም።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጉ ወስኑ

አንድ ሳንቲም ከመሰብሰባችሁ በፊት ከሦስቱ አንዱን ምረጡ።

ሀ) ምርምር፦ የበሽታውን መነሻና መድኃኒቱን ለሚያጠኑ ሰዎች።
ለ) የታማሚዎች ድጋፍ፦ የሕክምና ወጪ፣ ትራንስፖርት፣ ለታማሚ ልጆች የሚዘጋጅ ካምፕ፣ የምክር ስልክ።
ሐ) ትምህርት፦ ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች በሽታውን ቶሎ እንዲለዩ ማሠልጠን።

ይህን አስቀድሞ መወሰን ለምን አስፈለገ? ሦስቱን እኩል የሚሠራ ድርጅት ብዙ አታገኙም። አዋጪውም ምን እንዳሰበ አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ፣ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ «እኔ እኮ ለመድኃኒት መስሎኝ ነበር» የሚል ቅሬታ ይመጣል።

ትምህርትን አትናቁት። ይህ በሽታ ቶሎ ሲታወቅና እንቅስቃሴ ቶሎ ሲጀመር የመሻሻል ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ታማሚ ግን ስሙን ከሐኪም ሳይሰማ ወራት ያልፉበታል። አንድ ስብራት የሚያክም ሐኪም ምልክቱን ቢያውቅ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

ደረጃ 2፦ ድርጅቶቹን ዘርዝሩ

በአሜሪካ በዚህ በሽታ ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው አርኤስዲኤስኤ የሚባለው ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ተመሠረተ፤ መቀመጫው ኮነቲከት ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን የምርመራና የሕክምና መመሪያ ዝግጅት ይደግፋል። የመመሪያው 5ኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል።

ሁለተኛው አማራጭ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕመም ሕክምና ክፍል ነው። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስጦታ የሚቀበል ፋውንዴሽን አላቸው። በቀጥታ ለአንድ የምርምር ቡድን መስጠት ትችላላችሁ።

ቢያንስ ሁለት ስም ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። አንዱን ብቻ ከመረመራችሁ የምታወዳድሩት ነገር አይኖራችሁም።

ደረጃ 3፦ ሕጋዊነቱን አረጋግጡ

1. የአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶችን መፈለጊያ ክፈቱ። በነፃ ነው፤ መመዝገብ አያስፈልግም።
2. በስም ሳይሆን በግብር መለያ ቁጥሩ ፈልጉ። ስማቸው የሚመሳሰል ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ቁጥሩ ግን አይደገምም።
3. ድርጅቱ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም በግብር ሕጉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተብሎ የታወቀ፣ መሆኑን እዩ። ለግብር ቅናሽ የሚያበቃው ስጦታ በአብዛኛው ለዚህ ዓይነቱ ድርጅት የተሰጠ ነው።
4. ከግብር ነፃ የመሆን መብታቸው የተሰረዘባቸው ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን አረጋግጡ። ድርጅት ለ3 ተከታታይ ዓመታት ዓመታዊ ሪፖርቱን ካላቀረበ ይህ መብቱ በራሱ ይሰረዛል።
5. የክፍለ ግዛታችሁን መዝገብም እዩ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ከሕዝብ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ። ሜሪላንድ ላይ የሚመዘግበው የክፍለ ግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ፣ ሊገርማችሁ ይችላል፣ የግብርናና የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የታማሚ ፎቶ ለጥፎ በግል ስልክ ቁጥር በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ድርጅት አይደለም። እውነተኛ ታማሚ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ፎርም 990ን አንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ደግሞ አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን እንዳትዘሉ ነው። ድርጅቱ ስለ ራሱ በብሮሹር የሚጽፈው አንድ ነገር ነው። ለመንግሥት ፈርሞ የሚያቀርበው ሌላ ነው። ፎርም 990 ሁለተኛው ነው።

ቅጹን አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ፣ ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ተቋም ባዘጋጀው መፈለጊያ ላይ፣ ወይም ካንዲድ በተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መረጃ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። ዋናው ቅጽ 12 ገጽ ነው፤ ሁሉንም ማንበብ የለባችሁም። እነዚህን ብቻ እዩ።

ክፍል 3፦ ድርጅቱ በዓመቱ ምን እንደሠራ በራሱ ቃል የሚናገርበት ነው። ሦስት ትልልቅ ሥራዎቹን ከወጪያቸው ጋር ይዘረዝራል። ምርምር እዚህ ከሌለ፣ ምርምር ዋና ሥራው አይደለም ማለት ነው።

ክፍል 7፦ የኃላፊዎች ደመወዝ። ደመወዝ መክፈል ነውር አይደለም። ስልክ የሚያነሳና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የምታዩት ደመወዙ ከድርጅቱ አቅም ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለውን ነው።

ክፍል 9፦ ዋናው ሰንጠረዥ ይህ ነው። አራት ዓምዶች አሉት፦ ጠቅላላ ወጪ፣ ለዓላማው የወጣ፣ ለአስተዳደር የወጣ፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ የወጣ። የመጀመሪያው መስመር አገር ውስጥ ላሉ ድርጅቶች የተሰጠ ድጎማ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚሄድ የምርምር ገንዘብ እዚህ ይወድቃል። ሁለተኛው መስመር አገር ውስጥ ላሉ ግለሰቦች የተሰጠ ነው፤ ለታማሚ የሚሰጥ እርዳታ እዚህ ይታያል። ሦስተኛው ወደ ውጭ አገር የሄደው ነው።

አሁን ካልኩሌተሩን አውጡ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው። አንድ ድርጅት በዓመት 800,000 ዶላር አወጣ እንበል። ለዓላማው የወጣው 600,000 ነው። ይህ 75 በመቶ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ቢቢቢ የተባለው ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው ቢያንስ 65 በመቶ ስለሆነ ከዚያም ይበልጣል። ነገር ግን የመጀመሪያውን መስመር ስታዩ 120,000 ብቻ ነው። ስለዚህ ለምርምር የሄደው ከጠቅላላው 15 በመቶ ነው። ከመቶ ዶላር 75ቱ ለምርምር ይሄዳል ብላችሁ ለሰዎች ከነገራችሁ ተሳስታችኋል።

ይህ ድርጅት መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም። ቀሪው ለታማሚዎች ስብሰባ፣ ለምክር ስልክና ለሐኪሞች ሥልጠና ወጥቶ ይሆናል። እናንተ የምትፈልጉት ምርምር ከሆነ ግን ገንዘባችሁን «ለምርምር ብቻ» ብላችሁ መገደብ አለባችሁ። አሠራሩ ደረጃ 8 ላይ አለ።

አባሪ «አይ» (Schedule I)፦ ከ5,000 ዶላር በላይ ድጎማ ያገኙ የአገር ውስጥ ድርጅቶች በስም የሚዘረዘሩበት ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከዚህ ቅዱ። ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልጋችኋል።

ለምን የ3 ዓመት? የምርምር ድጎማ በየዓመቱ እኩል አይወጣም። አንድ ዓመት ባዶ፣ በሚቀጥለው ትልቅ ሊሆን ይችላል። የአንድ ዓመት ቅጽ ብቻ አይታችሁ «ምንም አልሰጡም» ብላችሁ እንዳትፈርዱ። የምታገኙት የመጨረሻው ቅጽም አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ቢሆን አትደንግጡ፤ ለማቅረብም ለመለጠፍም ጊዜ ይወስዳል።

ትንንሽ ድርጅቶች አጠር ያለውን ቅጽ ይሞላሉ። ገቢያቸው በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ደግሞ የሚልኩት አጭር የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ ብቻ ነው፤ ውስጡ የወጪ ዝርዝር የለም። ከእነሱ ጋር የምትሠሩ ከሆነ የሒሳብ መግለጫቸውን በቀጥታ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ምርምሩን ራሱን መርምሩ

ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። አራት ነገር ብቻ እዩ።

አንደኛ፣ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ማነው? ጥሩ ድርጅት የምርምር ማመልከቻዎችን በውጭ ባለሙያዎች ያስገመግማል። ገምጋሚው ራሱ አመልካች ሲሆን ከስብሰባው ይወጣል። ይህ አሠራር በጽሑፍ መኖር አለበት። ከሌለ ገንዘቡ በትውውቅ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ተመራማሪው ታማሚዎቹን የሚመርጠው በምንድነው? ለሲአርፒኤስ ተቀባይነት ያለው የቡዳፔስት መስፈርት ነው። መስፈርቱ ምልክቶችን በአራት ቡድን ይከፍላል፦ የስሜት ለውጥ፣ የቆዳ ቀለምና ሙቀት፣ እብጠትና ላብ፣ የእንቅስቃሴና የፀጉር ወይም የጥፍር ለውጥ። ታማሚው ቢያንስ ከሦስቱ ቡድኖች (ለምርምር በሚውለው ጠበቅ ያለ መስፈርት ከአራቱም) ምልክት አለኝ ማለት አለበት፤ ሐኪሙም ሲመረምር ቢያንስ በሁለቱ ምልክት ማየት አለበት። ሕመሙ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን መሆኑም ይታያል፤ ሌላ የተሻለ ማብራሪያም መኖር የለበትም። መስፈርቱን የማይጠቀም ጥናት የተለያየ ሕመም ያላቸውን ሰዎች ሊቀላቅል ይችላል። ያን ጊዜ ውጤቱ ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ጥናቱ ተመዝግቧል? በሰው ላይ የሚሞከር ሕክምና ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ መታየት አለበት። የበሽታውን ስም አስገቡና የዩኒቨርሲቲውን ስም ፈልጉ። ነገር ግን እዚያ መመዝገብ ብቻውን የጥራት ምስክር አይደለም። ታማሚውን ራሱን ገንዘብ የሚያስከፍሉ ጥናቶችም እዚያ ተመዝግበው ይገኛሉ።

አራተኛ፣ ከዚህ በፊት የተሰጠው ገንዘብ ምን አፈራ? የበሽታ ድርጅቶች የሚሰጡት ገንዘብ በአብዛኛው የመነሻ ነው። ተመራማሪው በዚያ አነስተኛ ጥናት ይሠራል፤ የመጀመሪያ ውጤቱን ይዞ የመንግሥት የምርምር ድጎማ ከሚሰጠው ከብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) ትልቁን ገንዘብ ይጠይቃል። ያ ትልቅ ገንዘብ መገኘት አለመገኘቱን ሪፖርተር በሚባለው የተቋሙ መፈለጊያ ላይ በተመራማሪው ስም ማየት ትችላላችሁ። የእናንተ ትንሽ መዋጮ ትልቅ ነገር የምታደርገው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ለአዋጪዎቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ጥናት «አልሠራም» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለው ሕክምና በጥቂት ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ተስፋ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ተለቅ ያለ የእንግሊዝ ጥናት ግን በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ከማስመሰያ መድኃኒት እንደማይሻል አሳየ። ያ ገንዘብ አልባከነም። ታማሚዎች ውድ የሆነና የማይረዳቸውን ሕክምና ከመሸመት ድነዋል።

ደረጃ 6፦ ጥያቄዎቻችሁን በኢሜይል ላኩ

በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ። ምክንያቱም በኋላ ለአባላት የምታሳዩት መልስ ያስፈልጋችኋል። እነዚህን ጠይቁ።

1. «ለሲአርፒኤስ ምርምር ብቻ» የሚል ገደብ ያለበት ስጦታ ትቀበላላችሁ?
2. ከተገደበው ስጦታ ላይ ለአስተዳደር የምትቆርጡት አለ? ስንት በመቶ?
3. ገንዘቡን የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲስ ለራሱ አስተዳደር ይቆርጣል?
4. ባለፉት 3 ዓመታት ለየትኞቹ ጥናቶች ሰጣችሁ?
5. ለስጦታ ሰጪዎች ሪፖርት የምትልኩት መቼ ነው?
6. በእናንተ ስም ገንዘብ ለማሰባሰብ የጽሑፍ ፈቃድ ትሰጡናላችሁ?

ትንሽ ቢሮ መልስ ለመስጠት ሊዘገይ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ታገሡና አስታውሱ። ጥያቄ ቁጥር 2ን አድበስብሶ የሚያልፍ ድርጅት ካጋጠማችሁ ግን ወደ ሁለተኛው ስም እለፉ።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን ሰብስቡ

የእኛ ልማድ የታወቀ ነው። አንድ የሚታመን ሰው ይመረጥና ሁሉም ዜል ያደርግለታል፤ እሱ አንድ ቼክ ይጽፋል። ለለቅሶ ይሠራል። ለዚህ ግን አይመከርም። ደረሰኙ የሚመጣው በቼኩ ባለቤት ስም ብቻ ነው። ሌላው አዋጪ ለግብር የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም። ገንዘብ ያዡም የራሱ ያልሆነ ገቢ ሒሳቡ ላይ ስለሚታይ ማብራሪያ ሊጠየቅ ይችላል።

የተሻለው መንገድ ድርጅቱ ራሱ በሚከፍተው የማሰባሰቢያ ገጽ መጠቀም ነው። ብዙ ድርጅቶች በቡድናችሁ ስም ገጽ ይከፍቱላችኋል። ሰው በካርዱ በቀጥታ ለድርጅቱ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ወዲያው በኢሜይል ይደርሰዋል፤ እናንተ ድምሩን ብቻ ታያላችሁ። እናቶችና አባቶች ካርድ መጠቀም የማይመቻቸው ከሆነ በድርጅቱ ስም ቼክ ይጻፉ፤ እናንተ ሰብስባችሁ ላኩ።

እራት ካዘጋጃችሁ ይህን አስታውሱ። ሰው 100 ዶላር ከፍሎ የሚበላው ዶሮ ወጥና እንጀራ 35 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ፣ እንደ ስጦታ የሚቆጠርለት 65 ዶላር ብቻ ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ሲሆን ድርጅቱ ይህን ልዩነት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ክፍያውም ለድርጅቱ መሆን አለበት። 501(ሲ)(3) ላልሆነ ማኅበር የተከፈለ ትኬት ለግብር አይቆጠርም። የሎተሪ ትኬትም እንዲሁ አይቆጠርም፤ ሎተሪ ማውጣትም በብዙ ቦታ የካውንቲ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከእድር ካዝና ልትሰጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን ክፈቱ። ደንቡ ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ነው የሚል ከሆነ ኮሚቴው ብቻውን መወሰን አይችልም። ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡና ቃለ ጉባኤ ያዙ።

ጊዜ ለመምረጥ የሚረዳችሁ ነገር፦ የጥቅምት ወር መገባደጃ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በየዓመቱ የኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ፣ የሲአርፒኤስ ታማሚዎችና ደጋፊዎች ብርቱካናማ የሚለብሱበት ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ማስረዳት ይቀላል።

የአሠሪ ድጋፍንም ጠይቁ። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎችና ሆስፒታሎች ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ። ከአባሎቻችሁ አንዲት ነርስ 200 ዶላር ብትሰጥ 400 ሊሆን ይችላል። ቅጹን የምትሞላው ራሷ ናት፤ የጊዜ ገደብም አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ የታማሚውን ፎቶ፣ ስም ወይም የሕክምና ወረቀት ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ አትለጥፉ። ቤተሰቡ ቢፈቅድ እንኳ ታማሚው ራሱ ይጠየቅ። ይህ ሕመም ከውጭ ስለማይታይ «አስመሳይ» የተባሉ ብዙዎች አሉ፤ ፎቷቸው ላይ የሚጻፍ አስተያየት ያቆስላቸዋል።

ደረጃ 8፦ ስትልኩ ዓላማውን ጻፉ

ቼኩ ላይ «ለሲአርፒኤስ ምርምር ብቻ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አስፍሩ። አብራችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላኩ፤ ስማችሁን፣ መጠኑን፣ ገደቡን፣ እና ገንዘቡ ለዚያ ሥራ ካልዋለ ወደ እናንተ እንዲመለስ ወይም ሌላ አጠቃቀም እንዲጠየቅላችሁ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ድርጅቱ መቀበሉን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ።

ለምን? ያልተገደበ ስጦታ ድርጅቱ ለፈለገው ሕጋዊ ሥራው ሊያውለው ይችላል። ድርጅቱ አውቆ የተቀበለው ገደብ ግን በሒሳቡ ላይ ለብቻው ይመዘገባል።

ገደቡን ከልክ በላይ አታጥብቡት። «ለእጅ ሲአርፒኤስ ላላቸው ሴቶች ለሚደረግ የኬታሚን ጥናት» ካላችሁ እንዲህ ያለ ጥናት ላይኖር ይችላል። ገንዘቡም ዓመታት ተቀምጦ ይቀራል።

ደረጃ 9፦ ደረሰኝና ግብር

250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ የባንክ ወረቀት ብቻ አይበቃም። ማረጋገጫው በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት መሰጠት አለመሰጠቱን መግለጽ አለበት። ግብር ከማቅረባችሁ በፊት እጃችሁ መግባት አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ወጪያቸውን በዝርዝር የማያቀርቡ ሰዎችም በጥሬ ገንዘብ፣ በቼክ ወይም በካርድ ከሰጡት ላይ የተወሰነ መቀነስ ይችላሉ፦ ላላገባ እስከ 1,000፣ በጋራ ለሚያቀርቡ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር። ይህ ብዙ ወገኖቻችንን የሚመለከት ነው። ደረሰኙን አትጣሉ።

ደረጃ 10፦ ተከታተሉ

ከላካችሁ ከ6 ወር በኋላ አንድ ኢሜይል ጻፉ። ገንዘቡ ለማን ተመደበ? ጥናቱ ተጀመረ? በዓመቱ መልሱን በአማርኛ አጠር አድርጋችሁ ለአዋጪዎች ላኩ። የሚቀጥለው ዓመት ፎርም 990 ሲወጣ የዩኒቨርሲቲው ስም አባሪው ላይ መኖሩን እዩ። ለምርምር መልስ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ በየወሩ አትጨቅጭቋቸው።

ዓላማችሁ አንድን ታማሚ መርዳት ከሆነ

መንገዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሕክምና ሒሳቡን ቀንሱ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል የገንዘብ ድጋፍ ፖሊሲ እንዲኖረው በፌዴራል ሕግ ይገደዳል። ታማሚው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከት ይችላል። ቅጹን የማይረዳ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ከዚያ ለበሽታው ድርጅት የታማሚ ድጋፍ መኖሩን ይጠይቅ። መዋጮ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ያለበለዚያ ሆስፒታሉ ሊተወው ይችል የነበረውን ዕዳ እናንተ ትከፍሉታላችሁ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ታማሚው ኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበል ከሆነ በስሙ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አማክሩ። የአንድ ሰው የሀብት ጣሪያ 2,000 ዶላር ነው። በፍቅር ያዋጣችሁት ገንዘብ ድጎማውን፣ አንዳንዴም ሜዲኬይዱን (የመንግሥት የጤና መድኑን) ሊያሳጣው ይችላል። ለግለሰብ የሚሰጥ ገንዘብም ከግብር አይቀነስም፤ ጎፈንድሚ ላይ ቢሆንም።

«በስቴም ሴል እናድናለን» ብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ዶላር ለሚጠይቅ ክሊኒክ አታዋጡ። ለሲአርፒኤስ ብቻ ተብሎ በአሜሪካ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። የሕክምናው መሠረት ፊዚዮቴራፒ ነው፤ መድኃኒት፣ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌና የነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ እንደ ታማሚው ሁኔታ ይጨመሩበታል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ገንዘቡን ሰብስቦ ከዚያ ድርጅት መፈለግ። ክርክሩ ያኔ ይጀምራል።
- የአስተዳደር ወጪው ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ መምረጥ። ምንም ወጪ የለኝም የሚል ድርጅት ሒሳቡን የሚመረምርለት ሰውም ላይኖረው ይችላል።
- በድርጅቱ ስምና አርማ ያለ ፈቃድ በራሪ ወረቀት ማተም።
- ለአዋጪዎች «መድኃኒቱ ሊገኝ ነው» ማለት። የሚዋጣው ለጥናት ነው፤ እንዲሁ ንገሯቸው።
- ቀሪ ሳንቲም ገንዘብ ያዡ ጋ መተው። እስከ መጨረሻዋ ላኩና መዝገቡን ዝጉ።

እንግሊዝና ካናዳ ላላችሁ

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ድርጅቱን በቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ላይ ፈልጉ፤ ዓመታዊ ሒሳቡም እዚያው አለ። በርኒንግ ናይትስ በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ስትሰጡ የጊፍት ኤይድ ቅጹን ሙሉ፤ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ድርጅቱ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ከመንግሥት ይጨመርለታል። ስኮትላንድ የራሷ መዝገብ አላት። ካናዳ ውስጥ የምታዩት የገቢዎች ኤጀንሲውን ዝርዝር ነው፤ የ990 ቦታን የሚይዘው ቅጽ ቲ3010 ይባላል። ከደረጃ 4 ላይ ያለው ስሌት እዚያም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።